ክቡር አዛውንት ዳማከሴ

በዚያ ዘመን ግድግዳ ላይ ምስማር የሚመታ ሰው አልነበረም። ክልክል ሆኖ አይደለም። ከተማዋ በየሦስት በየአራት ዓመቱ ነዋሪዎቿን ከሠፈር ሠፈር ስለምታዘዋውር፣ ዛሬ የሰቀሉትን ነገ ማውረድ ስላለ፣ ሰው ሁሉ ፎቶውን ካርቶኑ ክዳን ላይ ለጥፎ ይኖር ነበር። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ካርቶን ነው። ድስቱ ከካርቶን ይወጣል፣ ይጣዳል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ካርቶን ይገባል። ሰርግ ላይ ሽማግሌዎች «ካርቶናችሁን ውሃ አይንካው» ብለው ይመርቁ ነበር። ሙሽሮቹም «አሜን» ይላሉ፤ ማንም አይስቅም።

የሚያዘዋውረው አደላዳይ ይባላል። ማን የት ቢኖር ለከተማዋ እንደሚበጅ የሚያውቀው እሱ ነው። ሰው ስላልሆነ አይሰለቸውም፤ አማላጅም አይቀበልም። ማክሰኞ ጠዋት በየበሩ ላይ መልእክት ያበራል፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ መኪናው ይቆማል። በቃ።

ደብሪቱ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ አሥራ አንድ ጊዜ ተዘዋውራለች። ሥራዋ በምትኖርበት ባለ አርባ ቤት ሕንፃ ውስጥ አሳንሰሩን መቆጣጠር ነው። አሳንሰሩ ራሱን ይቆጣጠራል፤ እሷ ደግሞ እሱ ራሱን መቆጣጠሩን ትቆጣጠራለች። ቀኑን ሙሉ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የሕንፃውን ሰው ሁሉ የምታውቀውም ለዚህ ነው። በዚያ ዘመን ጎረቤትን ማወቅ እንደ ትርፍ ጓዝ የሚቆጠር ነገር ነበር።

ትርፍ ጓዝ ካልን ደብሪቱ አንድ ነበራት። ዳማከሴ። ያን ምች ሲመታህ ቅጠሉን አሽተህ የምታሸተውን፣ ጭማቂውን የምትጠጣውን ዳማከሴ። አያቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በተዳሩበት ዓመት ጓሯቸው ተክለውት ነበር። ጓሮው ዛሬ የለም፤ ዳማከሴው ግን አለ። አፈር ማዘዋወር ስለማይፈቀድ፣ ተክልም ከነአፈሩ ስለማይጫን፣ ደብሪቱ ዝውውር በደረሰ ቁጥር እንደ እርሳስ የወፈሩትን ጥቂት ግንዶች ትመርጣለች። ከአንጓው ሥር በሰያፍ፣ ከላይ ደግሞ ቀጥ አድርጋ ትቆርጣቸዋለች። የታችኛውን ቅጠል ትለቅማለች፣ ሁለት ብቻ ከላይ ታስቀራለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ሻሿ ውስጥ ትደብቃለች። አዲሱ ቤት ስትደርስ ሻሿን ፈትታ ትተክላለች። ሦስት ሳምንት ይጠወልጋል፣ ያስፈራራታል፣ ከዚያ ቀና ይላል። «ሰያፉ ወደ ታች፣ ቀጡ ወደ ላይ» ይሏት ነበር አያቷ፤ «ይህን የሳተ እንጨት ቀበረ እንጂ ዳማከሴ አልተከለም።»

አሳንሰር ውስጥ አንድ ሰው ካስነጠሰ ደብሪቱ አትምረውም። መጀመሪያ ቅጠል፣ በሳምንቱ ደግሞ የሚተከል ቁራጭ ትሰጠዋለች። ተቀባዩ አፉን ሲከፍት እጇን ታነሳለች።

«እንዳታመሰግን! ተክል ተሰጥቶ አይመሰገንም። ከተመሰገነ አይበቅልም።»

ይህም የአያቷ ሕግ ነው። ሰዉ ምስጋናውን እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እያገላበጠ ፎቁ ላይ ይወርዳል። እንዲህ እንዲህ እያለች በአራት ዓመት ውስጥ ሠላሳ ዘጠኙም በር ደርሷል። ያጠጣም ያላጠጣም ነበር።

ከሁሉ የከፉት አቶ ሽባባው ናቸው። ስድስተኛ ፎቅ ላይ በራቸው ከበሯ ትይዩ ነው፤ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ናቸው። አቶ ሽባባው የቀድሞ አናፂ ሲሆኑ፣ ከሁለት ካርቶናቸው የአንዱን ሩብ የሚይዝ ምስማር የሞላበት ቆርቆሮ ይዘው ነው የሚዘዋወሩት። አንድም ምስማር የሚመታበት ሀገር በሌለበት ዘመን! ደብሪቱን ባገኙ ቁጥር «ኮሪደሩን ሐኪም ቤት አስመሰልሽው» ይሏታል። የተሰጣቸውን ቁራጭ ግን «ነፃ ከሆነ አምጪው» ብለው ተቀብለዋል። በወሩ ብትጠይቃቸው «ሞተ» አሉ፤ በዓመቱ ብትጠይቃቸው «ሞተ አልኩሽ እኮ!» ብለው በሩን ድርግም አደረጉባት።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አርባውም በር ላይ መልእክቱ በራ። ሁሉም ወደ ቀ-9።

ቀ-9 አየሩ የታሸገ ሠፈር ነው። ለምለም ነገር አይገባበትም፤ በሩ ላይ የሚፈትሽ አለ፣ ሻሽም ያስፈታል። ደብሪቱ መልእክቱን ሁለቴ አነበበች። አሥራ አንድ ጊዜ ቤቷን ስትነጠቅ አላለቀሰችም ነበር። ቤት ቤት ነው። ይህ ግን የአያቷ እጅ ነው፣ የእናቷ ሽታ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ቃለአብ መስኮት ወረደች።

ቃለአብ የአደላዳይ ጸሐፊ ነው፤ ጉንጩ ሙሉ፣ ሁልጊዜ የፈራ የሚመስል ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ። አጠገቡ ጠያቂ የሚሉት ማሽን ቆሟል። ጠያቂ ሚኒስትሩንም ዘበኛውንም «አንተ» ነው የሚለው።

«ይህን ቀ-9 ማስገባት እፈልጋለሁ» አለች ደብሪቱ። «ቅጽ ካለ ስጠኝ።»

«ለዕቃ ነው ለነዋሪ?»

«ኸረ እኔ እንጃ። በሕይወት ያለ ነገር ነው።»

«በሕይወት ያለ ከሆነ ለነዋሪ ነው» አለ ቃለአብ፤ ሌላ ቅጽ ስላልነበረው ቅጠሉን ለጠያቂ አቀረበለት። ጠያቂ ቅጠሉን ላሰ። ዝም አለ። ሌላ ጊዜ ዝም ብሎ አያውቅም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እንደምን አደሩ፣ ክቡር አዛውንት» አለ።

ደብሪቱ ዘወር ብላ ወደ ኋላዋ አየች። ማንም የለም።

«ማንን ነው?»

«እኔንማ አይደለም» አለ ቃለአብ ግንባሩ ላብ እያወጣ። «እኔን ዛሬ ጠዋት ‘አንተ፣ ዘግይተሃል’ ብሎኛል።» ጠያቂ ላይ ያለውን መስታወት አነበበ፤ እንደገና አነበበ። «እትዬ ደብሪቱ… ዕድሜ፣ መቶ አራት። አድራሻ፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሃያ ስምንት ቤት። ይህ እንግዲህ በወሩ መጀመሪያ በተደረገው ቆጠራ ነው። እንዴት ነው አንድ ነዋሪ ሃያ ስምንት ቤት የሚኖረው?»

«ሁሉም ከአንዱ የተቆረጡ ናቸዋ! አንድ ናቸው። የአያቴ ነው።»

«እሱም እንደዚያው ነው የሚለው። አንድ ናቸው ነው የሚለው።» ቃለአብ ድምፁ ቀጠነ። «እትዬ፣ መቶ ዓመት የሞላው ነዋሪ ያለ ፈቃዱ ከሚኖርበት ቤት አይዘዋወርም። አብሮት የሚኖርም አይዘዋወርም። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ካለ እንዳልፈቀደ ይቆጠራል።»

ይህን አንቀጽ የጻፉት ሰዎች ጆሯቸው የደከመ አያቶች ነበሯቸው መሰለኝ። ደብሪቱ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«አንተ፣ ዳማከሴ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ምን ሊል ነው?»

ቃለአብ አሰበ። አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሷም ጀመራት፤ ሁለቱም በመስኮቱ ወዲህና ወዲያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጠያቂ «ቃለአብ፣ ሥራህን ቀጥል» አለ።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ ቃለአብ ዓይኑን እየጠረገ። «ሥር ያልያዘ እንግዳ ነው የሚባለው። እንግዳ ቤት አያስከብርም። ዓርብ እያንዳንዱን በር እያንኳኳን እናያለን።»

ረቡዕ ዕለት ሕንፃው አበደ። ከደብሪቱ ቤት ሌላ ዳማከሴ ያላቸው ሃያ ሰባቱ ቤቶች ለአራት ዓመት ዞር ብለው ያላዩትን ተክል አባታችን ማለት ጀመሩ። አቧራቸው ተጠረገ፣ ፀሐይ ያለበት መስኮት ተለቀቀላቸው፣ ልጆች ፊታቸው እንዳይጮኹ ተቆጡ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የሺመቤት፣ የደብሪቱ የልብ ጓደኛ፣ የዳማከሴዋን ጣሳ በር እንዳይዘጋ ማቆሚያ አድርጋው ኖራ ስለነበር ፊቱ ተንበርክካ ይቅርታ ስትጠይቅ ተገኘች። «በር ማቆሚያ አደረግኩዎት፣ አባቴ፤ ዓይነ ልቦናዬ ታውሮ ነው» ትላለች። አንዱ አባወራማ ለማኅበር የጠመቀውን ጠላ ሊያጠጣው ሲል ሚስቱ ናት እጁን የያዘችው።

አሥራ ሁለቱ ቤቶች ግን ዝም አሉ። አድርቀውታል፣ ጥለውታል፣ ረስተውታል። አሳንሰሩ ውስጥ ገብተው ከደብሪቱ ዓይን ዓይናቸውን ሲያሸሹ፣ «ምነው ባጠጣሁት» ሲሉ፣ ደስታዋ ጠፋ። አዲስ ቁራጭ ብትሰጣቸው ለዓርብ ሥር አይይዝም። የቸኮለ ሥር ማንም አይቶ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት የራሷን ዳማከሴ ተቀምጣ አየችው። በትልቅ ሳፋ ውስጥ ነው ያለው። መሃሉ ላይ ግንዱ፤ ዙሪያውን ቅርንጫፎቹ ከብዷቸው አፈሩ ላይ ተኝተዋል። ዳማከሴ አፈር የነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል። በጣቷ አፈሩን ገለጥ አድርጋ እያንዳንዱን ዳበሰች። አሥራ አንድ ሥር የያዙ ቅርንጫፎች። ከግንዱ ጋር አሥራ ሁለት።

የሺመቤት ገብታ በር ላይ ቆመች። «ደብሪቱ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልለያየው ነው።»

«እናቲቱን?! አያትሽ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«የትኛዋ ናት እናቲቱ፣ የሺ? አንቺ በር ላይ ያቆምሻትም እናቲቱ ናት።» ቢላውን ስላ ወደ ሳፋው ተጠጋች። «ያዥልኝ።»

እስከ ቀትር ድረስ አሥራ አንዱን ለዩ። ሥሩ እንዳይጎዳ ከነአፈሩ እየቦጨቁ በጣሳ፣ በጆግ፣ በተሰበረ ቴርሞስ፣ በሕፃን ፖፖ ሳይቀር ተከሉት። ደብሪቱ አሳንሰሩን ይዛ ከፎቅ ፎቅ አደለች። በር ሲከፈት «እንዳታመሰግኑ!» ትላለች፣ በር ይዘጋል፤ ከውስጥ አፉን ትራስ ላይ ደፍቶ የሚጮህ ሰው ድምፅ ይሰማል። አምስተኛ ፎቅ ያሉ አዲስ ተጋቢዎች ምስጋናው ቢያንቃቸው እርስ በርሳቸው ተመሰጋገኑ።

ግንዱ ብቻውን ሳፋው መሃል ቀረ።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለች የሺመቤት። «እሰይ።»

«ማን ቀረ?»

«ማንም።»

«የሺ።»

«ሽባባው ነዋ! ይሂዳ! ቀ-9 ሄዶ ይነጫነጭ። እሱ ደግሞ ሰው ሆኖ!»

ደብሪቱ የትይዩውን በር አየች። ፈልጋ አይደለም ያሰበችው፤ ሐሳቡ ራሱ መጣባት። እሷ አሥራ አንድ ጊዜ ተቆርጣለች፤ አሥራ አንድ ጊዜ ጠውልጋ ቀና ብላለች። አቶ ሽባባው ግን ወደዚህ ሕንፃ ከሚስታቸው ጋር መጥተው፣ ሚስታቸው እዚሁ ሞተው፣ አሁን ከዚያ ቆርቆሮ በቀር ማንም የላቸውም።

«እኔ እበቅላለሁ» አለች። «ሰውየው ከተነቀሉ ይደርቃሉ።»

ግንዱን በባልዲ አድርጋ ኮሪደሩን ተሻግራ አንኳኳች። አቶ ሽባባው በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱት፣ ባልዲውን አዩት፣ ሰንሰለቱን ፈቱት፣ ተቀበሉት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«እንዳያመሰግኑ፣ ጋሼ ሽባባው።»

«ማን ሊያመሰግን!» አሉና በሩን ዘጉት።

ደብሪቱ ቤቷ ገብታ ካርቶኖቿን አሰረች። ካርቶን ማሰር አይጠፋትም፤ ያን ዕለት ግን ገመዱ ሦስት ጊዜ ተፈታባት።

ዓርብ ቀትር ላይ ቃለአብ ጠያቂን እየገፋ ከታች ጀመረ። ሰው ሁሉ የክት ልብሱን ለብሷል። በየበሩ ቅጠል ይላሳል፤ «እንደምን ዋሉ፣ ክቡር አዛውንት። ወደ ቀ-9 ለመዘዋወር ፈቃደኛ ነዎት?» ይላል ጠያቂ። ዝም። «ወደ ቀ-9 ለመዘዋወር ፈቃደኛ ነዎት?» ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ ለአዛውንት እንደሚገባው። ዝም። ሦስተኛውን ይጮኸዋል። ጆጉ ውስጥ ያለው ዳማከሴ ቅንጣት ታህል አይነቃነቅም። «አልፈቀዱም። ቤታቸው ይከበር። ጤና ይስጥዎ።» የሕፃኑ ፖፖ ፊት ጠያቂ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ አንድ ሴትዮ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን ነከሰች። የተከበረለት ቤት ሰው ሁሉ ከኋላ እየተከተለ፣ ስድስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ኮሪደሩ መተላለፊያ አልነበረውም።

ደብሪቱ በሯ ላይ ካርቶኗ ላይ ተቀምጣለች። ሳፋው ባዶ ነው። ሰዉ ባዶውን ሳፋ አየና ያን ጊዜ ገባው። ሳቁ ከኮሪደሩ ላይ ጠፋ።

«ደብሪቱ፣ ተነሺ» አለ ጠያቂ። «መኪናው ቆሟል።»

የአቶ ሽባባው በር ተከፈተ። በአንድ እጃቸው ባልዲውን ከነግንዱ፣ በሌላው የቀለም ጣሳ ይዘዋል። ባልዲውን የደብሪቱ ሳፋ ውስጥ ዘጭ አደረጉት።

«ያንቺን ውሰጂ። የኔ አለኝ።»

ጣሳው ውስጥ አንድ ደረቅ እንጨት ቆሟል። አናቱ በሰያፍ የተቆረጠ ነው። ከሥሩ፣ አፈሩን ሰንጥቆ፣ ወደ ታች ሊሄድ ጀምሮ ሐሳቡን የቀየረ የሚመስል ቀንበጥ ተጠማዝዞ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ሁለት ቅጠል።

ደብሪቱ አጎንብሳ አየችው። «ጋሼ ሽባባው… ገልብጠው ነው የተከሉት!»

«የአጥር ቋሚ አናቱ በሰያፍ ነው የሚቆረጠው!» አሉ አቶ ሽባባው ጆሯቸው ቀልቶ። «ዝናብ እንዲንሸራተት! አርባ ዓመት አጥር አቁሜ አንቺ ታስተምሪኛለሽ?»

«ሞተ አሉኝ እኮ!»

«ሞቶ ነበራ! እልህ ይዞኝ ዓመቱን ሙሉ ሬሳ ሳጠጣ ኖርኩ። ቅጠል ካወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። ብነግርሽ በዚያ አሳንሰርሽ ፎቅ ለፎቅ ታስቂብኝ አልነበር?»

ጠያቂ መጀመሪያ የደብሪቱን ግንድ ላሰ፤ ጠየቀ፤ ሦስት ጊዜ ዝም ተባለ፤ ቤቷ ተከበረ። ከዚያ ወደ ቀለም ጣሳው ዞረ። ላሰ። ቆየ። ቃለአብ መተንፈስ አቆመ። መስታወቱ ላይ ፊደል በፊደል ወጣ፦ ሥር፣ አለ። አቋቋም፣ ያልተለመደ።

«እንደምን ዋሉ፣ ክቡር አዛውንት» አለ ጠያቂ። «ወደ ቀ-9 ለመዘዋወር ፈቃደኛ ነዎት?»

በአናቱ የቆመው አዛውንት ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። አርባ አባወራ ጉንጩን ነፍቶ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ የጎረቤቱን ክንድ ቆንጥጦ ጠበቀ።

«አልፈቀዱም። ቤታቸው ይከበር።»

ኮሪደሩ ፈነዳ። የሺመቤት ቃለአብን አቅፋ አሽከረከረችው፣ ልጆች ካርቶን ላይ ዘለሉ፣ አዲሶቹ ተጋቢዎች አሁንም ተመሰጋገኑ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ወደ ደብሪቱ ዞሩ፤ አርባ አፍ አንድ ላይ ተከፈተ።

«እንዳትሉ!» ብላ ጮኸች ደብሪቱ። «ወየውላችሁ! ትናንት ነው የተተከለው፤ ይደርቅባችኋል!»

አርባ አፍ ተዘጋ። እንባ እየወረደ፣ ትከሻ እየተንቀጠቀጠ፣ ሁሉም እጁን አፉ ላይ ጭኖ ያያታል። ደብሪቱም መቻል ሲያቅታት እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዕድሜዋ እንደዚያን ቀን የተወደደችበት ጊዜ የለም፤ አንድ ቃል ግን አልተነገራትም። ቃለአብ ዓይኑን ግንዱ ላይ ተክሎ ሲቀር አየችና አንድ ቁራጭ ከጫፉ ቆርጣ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። «ሰያፉ ወደ ታች» አለችው፤ አቶ ሽባባውን በዓይኗ ጠቅሳ።

አቶ ሽባባው ግን እዚያ አልነበሩም። ቤታቸው ገብተው ቆርቆሯቸውን ይዘው ወጡ። ክዳኑን ከፈቱና በየሰዉ መዳፍ ላይ አንድ አንድ ምስማር እያስቀመጡ አለፉ። የኋለኛው ረድፍ ላይ አንዷ አፏን ስትከፍት «አይመሰገንም!» ብለው ተቆጧት።

ሰዉ ምስማሩን ጨብጦ በየቤቱ ተበተነ። መዶሻ ያለው የለም። አንዱ በጫማ ተረከዝ፣ አንዱ በድንጋይ፣ የሺመቤት በዘነዘና፤ በስድስቱም ፎቅ ድብደባው ቀለጠ። ደብሪቱ ከካርቶኗ ክዳን ላይ የአያቷን ፎቶ ላጠችና በዳማከሴው ትክክል ሰቀለችው። ትንሽ ዘመም አለ። ተወችው።

ጠያቂ ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ቀርቶ ነበር። «ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። «ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» አለ ደግሞ። ቃለአብ ኪሱን ደግፎ ጣራ ጣራ ያያል። ሦስተኛውን ጮኾ ጠየቀ፤ ከየቤቱ መልስ የሆነው ያው ድብደባ ብቻ ነው።

«አልፈቀዱም» ብሎ መዘገበና በአሳንሰሩ ወረደ።